የአዚናራ እስረኞች ስም ይጠራ

ለ፦ በሮም የኢትዮጵያ ኤምባሲ
ለ፦ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በአዚናራ ደሴት ታስረው ለነበሩ ኢትዮጵያውያን የስም መዝገብና መታሰቢያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከስቲንቲኖ ከተማ ፊት ለፊት፣ አዚናራ የሚባል ድንጋያማና ወጣ ገባ ደሴት አለ። ስፋቱ 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍተኛው ተራራው ፑንታ ዴላ ስኮሙኒካ ከባሕር ጠለል በላይ 408 ሜትር ይደርሳል። ስትሬቲ በሚባለው ወገቡ ላይ ግን ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው ያለው የብስ 300 ሜትር እንኳ አይሞላም። ዛሬ ቋሚ ነዋሪ የለውም ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ወዲህ ግን በየበጋው ጎብኚ በጀልባ ይጎርፋል። ነጫጭ አህዮቹን፣ የጠራ ባሕሩን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስፔኖች የሠሯቸውን የጥበቃ ማማዎችና የማፊያው አለቃ ቶቶ ሪና የታሰረበትን ክፍል ለማየት ነው ሰው የሚሄደው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩላችሁ ደሴቱ የእኛም ታሪካዊ ቦታ ስለሆነ ነው። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት፣ እዚያ ታስረዋል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ሙሉ የስም መዝገብ ይሠራ፣ መዝገቡም በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ደሴቱ ላይ ይቁም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት አገር ያውቀዋል፤ በየዓመቱም በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር አበባ ይቀመጣል። የዚያው በቀል ሌላው ክፍል ግን ብዙም አይነሳም። ተማረ የተባለው ወጣት ተለቅሞ ተረሸነ። ብዙው ሰው በሶማሊያ ወደሚገኘው ደናኔና በዳህላክ ደሴቶች ወዳለው ኖኩራ ተጋዘ። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ደግሞ ከነቤተሰባቸው በመርከብ ተጭነው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ ቁጥራቸው ወደ 400 ይጠጋል። ሜርኮሊያኖ፣ ሎንጎቡኮ፣ ቲቮሊ የተቀመጡ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ግን በጠባቂና በባሕር ታጥሮ ለብቻው የቆመው አዚናራ ነበር።

ጣሊያን ሰው ለማግለል ደሴት መምረጧ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1885 ደሴቱ ላይ የሚኖሩ 45 ገደማ የእረኞችና የዓሣ አጥማጆች ቤተሰቦች በሕግ ተነስተው እንዲወጡ ተደረገ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ከባሕሩ ማዶ ስቲንቲኖን ቆረቆሩ። ባዶ በቀረው መሬት ላይ የወህኒ እርሻና ከባሕር ለሚመጣ በሽተኛ የኳራንቲን ጣቢያ ተሠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1915 ጀምሮ፣ በሰርቦች እጅ የነበሩ ወደ 24,000 የሚሆኑ የኦስትሪያ ሃንጋሪ ምርኮኞች ወደዚሁ ደሴት መጡ። ኮሌራው አብሯቸው መጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት እዚያው አለቁ። የእኛ ሰዎች በ1929 ዓ.ም. ሲደርሱ፣ አዚናራ ሰው መቀበልንና መዋጥን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የለመደ ደሴት ነበር።

ከገቡት መካከል የአፄ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ይገኙበታል። ባለቤታቸው የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በደቡብ ግንባር ሲዋጉ ቆይተው በዚያው በየካቲት ወር ተገደሉ። ልዕልቲቱ ባል በሞተባቸው ማግስት ትናንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ተጋዙ። አዚናራ ቆይተው ወደ ዋናው ምድር ተዛወሩና በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ቶሪኖ ከተማ አረፉ። አባታቸው ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በኋላ ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ከልጆቻቸውም አገራቸውን ዳግም ሳያዩ የቀሩ አሉ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም እዚያ ነበሩ። አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ስንቅ፣ መድኃኒትና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው አዚናራ ተወረወሩ። እዚያ መታሰር ብዙ ሰው ሰብሯል፤ እርሳቸው ግን ተመልሰው ከጠላት ዓይን ሥር ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ። በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ስማቸው የሚጠራው ከአዚናራ ከተመለሱ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የማያውቅ የተማረ ኢትዮጵያዊ አይኖርም ብዬ አስባለሁ። ስዊዘርላንድ ተምረው የመጡ፣ በወረራው ጊዜ ጎሬ ከነበሩት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር አባላት ጋር የተሰለፉ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት። ከትምህርት ቤቱ ሥራቸውና ከፓርላማው መንበራቸው በፊት የአዚናራ ዓመታት አሉ። ስለ እርሳቸው ሲጻፍ እነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ። እኔ ግን ያቺ ትምህርት ቤት የቆመችበትን ጽናት ሳስብ ደሴቱን ሳላስብ አላልፍም።

እነዚህ ሦስቱ ስማቸው የተረፈላቸው ናቸው። ስለ ቀሪዎቹስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ለመናገር የሚከብደውን ነገር ላንሳ። ከተጋዙት መኳንንት መካከል አስቀድመው ለጣሊያን የገቡ ነበሩ። እጅ ሰጥተዋል፣ ባንዲራውን ተቀብለዋል፣ ግን ግራዚያኒ መኳንንት የተባለ ሁሉ ከአገር ይጥፋ ባለ ጊዜ መግባታቸው አላዳናቸውም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ስለዚህ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መዝገቡ ሲሠራ አርበኛ፣ ባንዳ እያለ ሰው እንዳይለይ አደራ እላለሁ። ታሪክ ጸሐፊ በየሥራቸው ይፍረድ፤ መዝገብ ግን የገባውን ሁሉ ይመዝግብ። እንደዚሁም ጌታውን ተከትሎ የሄደ አሽከር፣ ሕፃን አዝላ የሄደች ሞግዚት ከተገኘች ከልዕልቲቱ እኩል በአንድ መስመር ትጻፍ። አንዱ በካባ፣ ሌላው በነጠላ ቢመጣ ባሕሩ ለሁሉም አንድ ነበር።

አሁን ወደ ደሴቱ ልውሰዳችሁ፤ የምጠይቀውን ለመመዘን ቦታውን ማወቅ ይረዳችኋል።

ከስቲንቲኖ የሚነሳው ጀልባ ጎብኚውን የሚያወርደው በደቡብ ጫፍ፣ ፎርኔሊ ላይ ነው። ከፖርቶ ቶሬስ የሚነሳው ደግሞ መሃል ላይ ካላ ሬያሌ ያርፋል። የግል መኪና አይገባም። ጎብኚው ብስክሌት ይከራያል፣ ወይም በፓርኩ ባቡር መሰል መኪናና በጂፕ ይሳፈራል። ከፎርኔሊ እስከ ሰሜኑ መንደር ካላ ዶሊቫ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ሲሚንቶ መንገድ ባሕሩን ታክኮ ይሄዳል። ትልቅ ዛፍ ብዙም አይታይም። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ማኤስትራሌ የተባለው ነፋስ ቁጥቋጦውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አጎንብሶታል። ፎርኔሊ ላይ ያለው ግዙፍ ነጭ ወህኒ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀይ ብርጌድ የተባለው ታጣቂ ቡድን እስረኞች የተያዙበት ነው፤ አሁን ስለ ደሴቱ የእስር ታሪክ የሚያሳይ ሙዚየም በውስጡ አለ። ካላ ዶሊቫ ላይ ዳኞቹ ጆቫኒ ፋልኮኔና ፓኦሎ ቦርሴሊኖ እ.ኤ.አ. በ1985 በጋ ከነቤተሰባቸው ተደብቀው የታላቁን የማፊያ ችሎት ክስ የጻፉበት ቤት ይታያል። ከዚያም ሪና የታሰረበት ክፍል። ጣሊያናውያን እነዚህን ሁለት ቤቶች በአንድ ጉብኝት ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ የራሳቸው ቁስል ስለሆነ ደግ አድርገው ጠብቀውታል።

እኔ በሄድኩበት ጊዜ ያስጎበኘን ወጣት ሥራውን የሚወድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ስለ ኦስትሪያ ሃንጋሪ ምርኮኞች ሰፊ ጊዜ ሰጥቶ ተረከልን። ስለ እኛ ሲደርስ «የኢትዮጵያው ንጉሥ ልጅም እዚህ ታስራ ነበር» አለና አለፈ። ስሟን ስጠይቀው አያውቀውም። ሌሎቹስ ስለው «መኳንንት ነበሩ» አለኝ። በልጁ አልተቀየምኩም፤ ያልተጻፈለትን ከየት አምጥቶ ይናገር? እንዲያውም ስነግረው ቆሞ ሰማኝ፤ ሮማነወርቅ የሚለውንም ስም ለመያዝ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደጋግሞ አለው።

ከዚያ ካምፑ ፔርዱ ደረስን። እዚያ ሜዳው ላይ ብቻውን የቆመ ነጭ ቤት አለ፤ የኦስትሪያ ሃንጋሪ ምርኮኞች የአጽም ማረፊያ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ የራስ ቅሎች በተርታ ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው ደግሞ የእግርና የእጅ አጥንቶች እንደ ተከመረ እንጨት ተነባብረዋል። ዓይን ሲለምድ የአንዱ ግንባር ከሌላው እንደሚለይ ያያል፤ አንዱ ጠባብ ነው፣ አንዱ ሰፊ፣ የአንዱ ጥርስ ሙሉ ነው፣ ገና ልጅ ነበር ማለት ነው። ወደ 7,000 የሚሆኑ ሰዎች አጽም ነው የተሰበሰበው። ተበትኖ ተቀብሮ የነበረውን ሁሉ አስቆፍሮ በአንድ ቤት ያስገባው የኦስትሪያ መንግሥት ነው። ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። የእኛዎቹ የደረሱት በማግስቱ ዓመት ነው። የአዚናራ ምድር እነዚያን ሟቾች በክብር ሲያሳርፍ የእኛን ሕያዋን ይቀበል ነበር።

በጦርነት የተሸነፈችና የተበታተነች አገር ወራሽ፣ ምርኮኞቿ ካለቁ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የሰዎቿን አጥንት ፈልጋ ቤት ሠራች። እኛ ያሸነፍን ነን። ነፃነታችንን ካስመለስን 80 ዓመት አልፎናል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በአድሪያቲክ ባሕር ትሬሚቲ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1911 ትሪፖሊን ስትወር ከ1,000 በላይ ሊቢያውያንን አግዛ ወደዚያ ጣለች፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ በታይፈስ ሞቱ። ዛሬ በሳን ኒኮላ ደሴት መካነ መቃብር ውስጥ ለእነሱ መታሰቢያ ቆሟል፤ የሊቢያ ልዑካንም በተለያዩ ዓመታት እየሄዱ ወገኖቻቸውን አስበዋል። ይህ የሆነው የሊቢያ መንግሥት ጉዳዩን ከአጀንዳው ሳያወጣ ለዓመታት ስለጠየቀ ነው። ጣሊያን አገር ውስጥ ለቅኝ ግዛት ሰለባዎች መታሰቢያ ማቆም ይቻላል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው የሚጠይቅ ባለቤት ነው።

ባለቤት ስንሆን ምን እንደሚገኝ እኛም አይተናል። የአክሱም ሐውልት ከአገሩ የተወሰደው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ትውልድ እየተቀባበለ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ሰልፍ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 በቦታው ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በሚባል የላዚዮ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ በተሠራ ጊዜም ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ተቃውሞ ወጥተናል፣ ደግ አድርገናል። ያሰረውን ሰው ስም ከድንጋይ ላይ ለማስፋቅ የጮኸ ሕዝብ የታሰሩትን ስም በድንጋይ ላይ ለማስጻፍም መጮህ ይገባዋል።

አዚናራ ብቻዋን አይደለችም። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከምዕራቡ ዘመቻ በኋላ ተማርከው በፖንዛ ደሴት ታስረዋል። ሙሶሊኒ ሥልጣኑን ባጣበት በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943 የራሱ ሰዎች ወደ ፖንዛ ወስደው ያሰሩት ራስ እምሩ ተቀምጠውበት በነበረው ቤት ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ወጣትነታቸውን በእስር ጨርሰዋል። ፖንዛና ሊፓሪ ዛሬ የበጋ መዝናኛ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊ ቱሪስትም ይሄዳል፤ ማን እዚያ እንደነበረ ሳያውቅ ዋኝቶ ይመለሳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሠራ አልልም። ከአዚናራ ይጀመር፤ የተጋዙት ብዙ ናቸው፣ ከመካከላቸውም ሴቶችና ሕፃናት አሉ፣ ደሴቱም የመንግሥት ፓርክ ስለሆነ የሚያነጋግሩት አንድ አካል አለ።

ስለ መዝገቡ እንዴትነት የማስበውን ላስረዳ፤ ሥራው ከሚመስለው በላይ የሚቻል ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የአፍሪካ ጉዳይ የያዘው ሚኒስቴር ሰነድ በሮም በጣሊያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታሪካዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በዚያው ሮም የመንግሥቱ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት አለ። ሳሳሪ ከተማ የአካባቢው የመንግሥት ቤተ መዛግብት አለ። ፋሺስቶች ሰው ሲያስሩ ወረቀት ይወዱ ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ የተጫነበት መርከብ፣ የተላከለት አበል ሁሉ ይጻፋል። ችግሩ የጣሊያን ጸሐፊ የሀበሻን ስም የጻፈበት መንገድ ነው። የቅጹ አንዱ ዓምድ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ነገር ስለሌለ አንዳንዱ የአባቱ ስም፣ አንዳንዱ ማዕረጉ እዚያ ላይ ተጽፎበት ይገኛል። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ፣ ጨ እና ቸ በነሱ ፊደል አይለዩም። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆኖ፣ ሦስት ሰዎችም አንድ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ይህን የሚፈታው የሸዋን፣ የወሎን፣ የጎጃምን፣ የወለጋን የትውልድ ሐረግ የሚያውቅ ሰው ከጣሊያንኛ አንባቢ ጎን ሲቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አለ፤ ነገር ግን እያረጀ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሚያስቸኩል ነገር ካለ ይኸው ነው።

በአገር ቤት በኩል የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የአርበኞች ማኅበር እያንዳንዳቸው የያዙት ነገር አለ። የጥናትና ምርምሩ ተቋም ራሱ የተቀመጠው በዚያው ቦምቡ በተወረወረበት በገነተ ልዑል ነው፤ የተጋዙት ሰዎች ታሪክ የተጀመረበት ግቢ ውስጥ መዝገቡ ቢጠናቀር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅርስ ባለሥልጣን ሦስቱን ተቋማት በአንድ ኮሚቴ ቢያገናኝ፣ ኤምባሲው ደግሞ የጣሊያኑን ቤተ መዛግብት ፈቃድ ቢያስጨርስ፣ ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ጣሊያንኛና አማርኛ አስተካክለው የሚያነቡ፣ እዚህ ጣሊያን ተወልደው የተማሩ ልጆች አሉ፤ ጥሪ ቢደርሳቸው በነፃ የሚያገለግሉ እንዳሉ አውቃለሁ።

መታሰቢያው የት ይቁም ለሚለው የእኔ ሐሳብ ካላ ሬያሌ ነው። ከፖርቶ ቶሬስ የሚመጣው ጀልባ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የኳራንቲኑ ዘመን ሕንፃዎችም፣ የልብስ መቀቀያውና የመታጠቢያው ቤት ሳይቀር፣ እዚያ ቆመዋል። በአንደኛው ጦርነት ምርኮኞቹ የሠሯት ትንሽ ጸሎት ቤትም በአቅራቢያው ናት። ጎብኚ ሁሉ ያልፍበታል። ትልቅ ሐውልት አልጠይቅም፤ የፓርኩ ሕግ አዲስ ግንባታ ላይ ጥብቅ እንደሚሆን ይገባኛል፣ ደሴቱም በአዲስ ሲሚንቶ ባይነካ ይሻላል። ከዚያው ከደሴቱ ድንጋይ የተቀረጸ፣ ወገብ የማያልፍ ሰሌዳ ይበቃል። በላዩ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የገባበት ዓመት፣ እዚያው የሞተ ካለ ቀኑ። በአማርኛ ፊደል፣ ከሥሩ በጣሊያንኛ። ጽሑፉን የሚቀርጸው ሰው ፊደሉን የሚያውቅ ይሁን፤ በውጭ አገር በአማርኛ የተጻፉ ብዙ ሰሌዳዎች ፊደላቸው ተገልብጦ ወይም ተቆራርጦ አይቻለሁ፣ በዚህ ላይ ግን እንዲያ ያለ ስሕተት ሊኖር አይገባም።

ከሰሌዳው ጋር ለአስጎብኚዎቹ የሚሆን በጣሊያንኛ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ይዘጋጅ። ያ ወጣት ስም ቢሰጠው ስም ይናገራል። ለእኛ ሰዎችም በአማርኛ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ትዘጋጅ፤ የት እንደሚወርዱ፣ ምን እንደሚያዩ፣ ማን የት እንደነበረ የምትናገር።

መታሰቢያ ቀኑን በተመለከተ ብዙ ወዳጆቼ የካቲት 12 ይሁን ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን በየካቲት በዚያ ባሕር ላይ ክረምት ነው። ነፋሱ ሲበረታ ጀልባ ይቀራል፣ አገልግሎቱም ይሳሳል፤ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ መሄድ አይቻልም። ሚያዝያ 27 ይሁን እላለሁ። ባሕሩ ይረጋል፣ ጀልባው በመደበኛ ይሠራል፣ ቁጥቋጦው ያብባል፤ ከሁሉም በላይ የድል ቀን ነው። የካቲት 12 ሐዘኑ አዲስ አበባ ይታሰብ፤ የተረፉት የመመለሳቸው ነገር ግን በሚያዝያ 27 ደሴቱ ላይ ቢታሰብ ያምራል። ከጄኖቫ ማታ በሚነሳው መርከብ የተሳፈረ ሰው ጠዋት ፖርቶ ቶሬስ ይወርዳል፤ ከዚያ ካላ ሬያሌ ሩቅ አይደለም። የሚላኖ፣ የቦሎኛ፣ የሮም ማኅበሮቻችንና አብያተ ክርስቲያኖቻችን በየዓመቱ ጉዞ ያዘጋጃሉ፤ አንዱን ጉዞ ወደ አዚናራ ማዞር ይችላሉ። ካህን ይሂድ፣ ፍትሐት ይደረግ። በዚያ አፈር ላይ የታሰሩት ሰዎች በግዕዝ ጸሎት የሚያደርስላቸው ወገን ለስንት ዓመት ሲጠብቁ ኖረዋል።

በመጨረሻም ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ ቤተሰቦች አንድ ቃል አለኝ። አያታችሁ፣ ቅድመ አያታችሁ፣ አክስታችሁ «ጣሊያን አገር ታስራ ነበር» ሲባል የሰማችሁ፣ በሣጥን ውስጥ ከዚያ ዘመን የመጣ ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ያላችሁ፣ አውጡትና ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡት። አዋቂው ዘመድ በሕይወት እያለ ድምፁን በስልካችሁ ቅዱ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ አገር፣ አብሮት የተጫነው ማን እንደነበረ ጠይቁት። መንግሥት መዝገቡን እስኪጀምር መጠበቅ አያስፈልግም። ወረቀቱን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ቅጂውን ብቻ ስጡ፣ ዋናው ከእናንተ አይውጣ።

ክቡራን፣ ለዚህ ጥያቄ በመጪው ሚያዝያ 27 ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ «እንሠራለን» ከሆነ ማን እንደሚያስተባብረው ስሙንና ኃላፊነቱን አሳውቁን፤ እኛም በየከተማው የምንገኝ ሰዎች የሰበሰብነውን የት እንደምናስረክብ እንወቅ። መልሱ «ተጀምሯል» ከሆነም የት እንደደረሰ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ያለንን ይዘን ወዲያውኑ እንመጣለን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
ጣሊያን አገር ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ

ግልባጭ፦
ለአዚናራ ብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር (ከጣሊያንኛ ትርጉሙ ጋር)
ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ
ለኢትዮጵያ አርበኞች ማኅበር
በጣሊያን ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት